ገላን ማንቆርቆሪያው ነጭ ያዘ፣ አስኮ ክረምት ላይ ይደፈርሳል፤ የትኛው ውሃ ነው የሚያሰጋው?

ጀበና_ገላን

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እንጀራዬ ቡናና ሻይ መሸጥ ነው። ድሮ የምሸጠው አስኮ፣ እናቴ ቤት አጠገብ ነበር። ኮንዶሚኒየም ሲደርሰኝ ገላን ገባሁና ረከቦቴን እዚሁ ብሎካችን ሥር ዘረጋሁ። ቡናው ያው ነው። የምገዛው ከድሮዋ ነጋዴዬ ነው፣ የምቆላውም እኔው ነኝ። ከአስኮ ድረስ የሚመጡ ደንበኞቼ ግን «ምነው፣ ቡናሽ ደነዘዘብን» ይሉኝ ጀመር። ሻዩማ ይባስ። ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ከቆየ አናቱ ላይ ስስ ነገር ይጋረዳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ቅጠል ቀየርኩ፣ ያው ነው። ቅመም አበዛሁ፣ ያው ነው።

በኋላ ማንቆርቆሪያዬን አየሁት። ውስጡ በሙሉ ነጭ ቅርፊት ይዟል። በቢላ ስፍቀው እንደ ኖራ ይፈረፈራል። እዚህ ሰፈር የሁሉም ቤት እንደዚያው ነው። ልብስ ሲታጠብም ሳሙናው አረፋ እንቢ ይላል። ጎረቤቶቼ «ይሄ ነጩ ነገር ኩላሊት ገብቶ ጠጠር ይሆናል» ይላሉ። አንዳንዶቹ የታሸገ ውሃ ነው የሚጠጡት። እኔ ለሻይ የታሸገ ውሃ ልግዛ ብል ትርፌ እዚያው አለቀ ማለት ነው።

ወዲያ ደግሞ እናቴ አለች። የአስኮ ውሃ በጋ ላይ ይወደዳል፣ ሻይም ቡናም ያምርበታል። ሐምሌ ሲገባ ግን ፈረቃችን ደርሶ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ቡኒ ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ክሎሪኑ አፍንጫ ይሰነፍጣል። እናቴ ክሎሪን የሸተታት ዕለት «መድኃኒት አብዝተውበታል» ብላ የቧንቧውን ለልብስ ታደርገውና ለመጠጥ ግቢው ውስጥ ካለው ጉድጓድ ታስቀዳለች። ኩልል ያለ ነው፣ ምንም አይሸትም።

እህቴ ኮተቤ ናት። የእሷ ውሃ አንዳንዴ ነጭ ሆኖ ይወርድና ትንሽ ቆይቶ ይጠራል።

እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። አንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን ውሃችን እንዲህ የሚለያየው ለምንድን ነው? ከእነዚህ ውስጥ የሚያሰጋው የቱ ነው? ለሻዬስ ምን ላድርግ?

---

ቧንቧው_ከመገናኛ

እህቴ፣ እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። የላብራቶሪውን ነገር ለሚያውቁት ትቼ ከቆጣሪ ወዲህ ያለውን ልንገርሽ።

የእናትሽ ቤት የቆየ ከሆነ መስመሩ የብረት ቱቦ ነው። እኔ ስቆርጠው ውስጡ በዝገት ጠብቦ ጣት የማያስገባ ብዙ አይቻለሁ። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ድንገት በኃይል ሲመጣ ያን ዝገት ጠርጎ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የወረደውን ወደ ሮቶ አታስገቡት። ለመጸዳጃ ቤትና ለወለል በባልዲ ያዙት። ሲጠራ ነው ወደ ሮቶ መልቀቅ። ገንዘብ ሲገኝ የብረቱን ቱቦ በፒ ፒ አር (በፕላስቲክ ቱቦ) ቀይሩት።

ሮቶ ስንል ደግሞ፣ ክዳኑ ተሰብሮ በፌስታል የታሰረ ስንቱን አየሁ። ወፍ፣ አቧራ፣ ቅጠል ይገባል። ብርሃን ከገባ ውስጡ አረንጓዴ ነገር ያበቅላል። ፀሐይ ላይ ብዙ ቀን የቆየ ውሃ ክሎሪኑም ይጠፋል፣ እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው የለም። ክረምት ከመግባቱ በፊት አንዴ፣ መስከረም ላይ አንዴ ታጠቡት። ዝቃጩ ታች ስለሚተኛ ከታች ባለው ማስወጫ ነው የሚለቀቀው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። ሰው ውሃ ሲቀንስበት ፓምፕ ገዝቶ በቀጥታ መንገድ ላይ ካለው መስመር ጋር ያስገጥማል። ፓምፑ ሲስብ ውሃ ብቻ አይደለም የሚስበው። ቱቦው የሆነ ቦታ ቀዳዳ ካለው፣ እዚያ ቦይ ውስጥ የተኛውን ፍሳሽም አብሮ ይስባል። ለራሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያጠጣው። ፓምፕ ከመሬት ታንከር ወደ ላይ ለመግፋት እንጂ ከዋናው መስመር ለመሳብ አይገጠምም። ሥራ ሲሰጡኝ ይሄን አልገጥምም ስል የሚቀየሙኝ ብዙ ናቸው።

---

ጡረታ_ላይ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ዕድሜዬን ውሃ ስመረምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። በምላስም በአፍንጫም ይህን ያህል ያስተዋለ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ቡና ሻጭና የላብራቶሪ ሰው ሥራችን ይቀራረባል መሰለኝ።

አዲስ አበባ በውሃ በኩል አንድ ከተማ አይደለችም። በምዕራብ በአምቦ መንገድ ገፈርሳ አለ፤ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የተገደበ አሮጌ ግድብ ነው። በምሥራቅ ወደ ሰንዳፋ ሲኬድ ለገዳዲ አለ። እሱ በ1962 ዓ.ም. አካባቢ መጣ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የድሬ ግድብ ተጨመረለት። በደቡብ በኩል ያለው ግድብ ሳይሆን የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። እናትሽ ያለችበት ምዕራቡ በአብዛኛው የገፈርሳን ይጠጣል። እህትሽ የለገዳዲን፣ አንቺ የአቃቂን። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ስላለ በመሃል ያሉ ሰፈሮች ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን ሊያገኙ ይችላሉ። «ትናንት ደህና ነበረ» የሚል ቅሬታ የሚበዛው ከእነሱ ነው።

ከአንቺው ልጀምር። የአቃቂ ውሃ ከመሬት በታች እሳተ ገሞራ በፈጠረው ዓለት ውስጥ ብዙ ዘመን የቆየ ነው። በመንገዱ ላይ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሟሟል። ይህን «ጠንካራ ውሃ» እንለዋለን። ሲወርድ ጥርት ያለ ነው፣ ምክንያቱም ካልሲየሙ ተሟሙቶ ስለማይታይ። ስታፈይው ግን ያቅፈው የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተንና ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይዘቅጣል። ማንቆርቆሪያሽ ላይ የያዘው እሱ ነው። ሻይሽ ላይ የሚጋረደውም ካልሲየሙ ከሻይ ቅጠሉ ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው ስስ ቆዳ ነው። ቡናሽ የደነዘዘው ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት የቡናውን ኮምጠጥ የሚያደርገውን ስለሚያከሽፈው ነው። ነጋዴሽን አትጠርጥሪያት።

ኩላሊት ያልሽውን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የውሃ ጥንካሬ ሰውን እንደሚጎዳ አሳማኝ ማስረጃ የለም ይላል። ካልሲየም በወተትም በጎመንም የምንፈልገው ነገር ነው። ለኩላሊት ጠጠር በደንብ የሚታወቀው ምክንያት ውሃ ማነስ ነው። ነጩን ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣ የሚውል ሰው፣ የፈራውን ነገር በገዛ እጁ ይጠራዋል። አንድ ጊዜ የኩላሊት ሕመም የያዘው ሰው ግን ሐኪሙ የሚለውን ይስማ እንጂ የእኔን አይስማ።

ለሻይሽ እንዲህ አድርጊ። ውሃውን አስቀድመሽ በድስት ለብቻው በደንብ አፍይው። ክዳኑን ከድነሽ እስኪዘቅጥ አሳድሪው። ጠዋት ታቹን ሳትነካኪ ከላይ ቅጂና እሱን ለሻይም ለቡናም ተጠቀሚ። አብዛኛው ካልሲየም ድስቱ ላይ ቀርቷል። ሻይ ላይ ሎሚ ጠብ ብታደርጊ መጋረጃው ይጠፋል፤ አሲዱ መጋረጃው እንዳይፈጠር ያደርጋል። ማንቆርቆሪያውን በቢላ አትፋቂው፣ ትጎጂዋለሽ። ውሃና አቼቶ ወይም ሎሚ ጨምረሽ አፍልተሽ ተዪው፣ ራሱ ይለቃል።

የአቃቂ ውሃ ሐምሌም ሆነ ጥር ብዙ አይለዋወጥም። ዝናቡ ከላይ ቢዘንብም እዚያ ጥልቀት ድረስ ለመውረድ ጊዜ ይፈጅበታል። የእሱ ጭንቅ መብራት ነው። ከታች ወደ ላይ በፓምፕ ስለሚገፋ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይጠፋል። ለገዳዲ ከከተማው መሃል ከፍ ስለሚል አብዛኛውን መንገድ በራሱ ቁልቁለት ይመጣል።

አሁን ወደ ክረምቱ። ሰኔና ሐምሌ ላይ የለገዳዲን ዙሪያ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መሬቱ ታርሶ ባዶ ነው፤ ጤፉ ገና ሊዘራ ነው ወይም ገና ብቅ እያለ ነው። መረሬውን፣ ጥቁሩን አፈር፣ ያ ሁሉ ዝናብ ይዞት ወደ ግድቡ ይገባል። ደለል ሁሉ አንድ አይደለም። አሸዋ ቶሎ ይዘቅጣል። የመረሬ ጭቃ ግን እጅግ ደቃቅ ነው፤ ቅንጣቶቹ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ እንጂ አይሰባሰቡም። ለሳምንታት ተንሳፈው ይቀራሉ። ስለዚህ አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመራል። እሱ ያንን ቻርጅ ያከሽፈውና ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ከብደው ይወርዳሉ። የቀረው በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል።

ምን ያህል ይጨመር የሚለው የሚወሰነው በግምት አይደለም። በብርጭቆ ዕቃዎች ተደርድሮ በየመጠኑ እየተሞከረ ነው፤ ጃር ቴስት እንለዋለን። በጋ ላይ የትናንቱ መጠን ለዛሬም ይሠራል። ክረምት ላይ ሌሊት አንድ ከባድ ዝናብ ከጣለ የማታው መጠን ለጠዋት አይሆንም። በክረምት ተረኛ ሆኖ እንቅልፍ የተኛ የላብራቶሪ ሰው አላውቅም።

ድፍርስነት መልክን ብቻ አያበላሽም። ጀርሞች በጭቃው ቅንጣት ውስጥ ይሸሸጋሉ፤ ከጭቃው ጋር የሚመጣው የበሰበሰ ነገርም ክሎሪኑን ይበላዋል። ስለዚህ በክረምት ክሎሪኑ ከፍ ይላል። ዓላማው ውሃው ቤትሽ ሲደርስ በአንድ ሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ነፃ ክሎሪን እንዲተርፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ሚሊ ግራም ነው። አፍንጫችን ግን ከዚያ በጣም አንሶ ሳለ ይሸተዋል። እናትሽ የሸተታት ዕለት የቧንቧው ውሃ ጠባቂ አለው ማለት ነው። ሽታውን ከጠላችው አፉ ሰፊ በሆነ ንጹሕ ዕቃ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ይደር፤ ጠዋት ቀንሶ ታገኘዋለች። ያደረውን ግን በዚያው ቀን ትጨርሰው።

ምናልባት ጥርና የካቲት ላይ የአፈር ወይም የሻጋታ ሽታ የሸተተሽ ጊዜ ካለ፣ እሱ ሌላ ነው። ፀሐዩ ሲበረታ ግድብ ውስጥ አልጌ ይራባል። ከአልጌዎቹ አንዳንዶቹ ጂኦስሚን የሚባል ነገር ያወጣሉ። በአንድ ሊትር ውስጥ 10 ናኖግራም አካባቢ ከደረሰ ሰው ይሸተዋል። ያን ያህል ደቃቅ ነገር ስንቱ መሣሪያ ያልፈዋል፤ አፍንጫ ግን አያልፈውም። ጂኦስሚን ራሱ አይጎዳም።

የእህትሽ ነጭ ውሃ አየር ነው። ባዶ የነበረ ቱቦ ሲሞላ አየሩ ተጨምቆ ይገባል። በብርጭቆ ትቅዳና ትመልከት። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ ትጠጣው። ታች የሚተኛ ነገር ካለ ግን ሌላ ነው።

ያሰጋኛል የምለውን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት እንዲነበብ ብዬ ነው። ፈረቃ ማለት ቱቦው ለሰዓታት ወይም ለቀናት ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ሙሉ ቱቦ ቀዳዳ ቢኖረው ወደ ውጭ ያፈሳል። ባዶ ቱቦ ግን ወደ ውስጥ ይስባል። በጋ ላይ በዙሪያው ደረቅ አፈር ነው። ክረምት ላይ ግን ቦዩ ሞልቶ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ገንፍሎ ቱቦው በዚያ ውስጥ ነው የተኛው። ከማጣሪያ ጣቢያው ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ ቤት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የሚበከለው እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ከተማችን ሲገባ ምን ያህል እንደተጨነቅን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በዚህ መንገድ የሚገባው ጀርም ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም።

ስለዚህ በክረምት ፈረቃ ደርሶ የመጣውን ውሃ፣ ቢጠራም፣ ለመጠጥ አፍሉት። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 100 አይደርስም። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይመከራል። ከሰል ከተወደደ «ውሃ አጋር» የሚባለው በጠርሙስ የሚሸጥ ክሎሪን አለ፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ጨምረሽ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቂ። ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድመሽ አዝቅጪውና በንጹሕ ነጠላ አጥልይው፤ አለዚያ ክሎሪኑ በጭቃው ያልቃል።

የእናትሽን ጉድጓድ አልረሳሁም። ጥልቀቱ ምን ያህል ነው? ከመጸዳጃ ቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል? ይህን ንገሪኝና እመለስበታለሁ።

---

የአዳማ_ልጅ

ጋሼ ስለ ጥርት ያለ ውሃ ያሉት ነካኝ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው። የልጅነት ውሃችን የጉድጓድ ነበር። ጥርት ያለ፣ ክረምት ከበጋ የማይለዋወጥ፣ ማንም የማያማው ውሃ። የእኔና የእኩዮቼ ጥርስ ግን በልዟል። ስስቅ አፌን በእጄ የመሸፈን ልማድ አለኝ፤ ባለቤቴ አሁንም ይቆጣኛል።

ፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆ ዓለት ውስጥ አለ፣ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ያሟሟዋል። ደረጃው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በሸለቆው ውስጥ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ አካባቢ ደግሞ ከጥርስ አልፎ አጥንት ላይ የወጣባቸው፣ ጀርባቸው አልታዘዝ ያላቸው ሠራተኞች ነበሩ። ጥርስ የሚበልዘው ድድ ውስጥ ገና እየተሠራ ባለበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ትልቅ ሰው ሆኖ የመጣ እንግዳ የእኛን ውሃ ጠጥቶ ጥርሱ አይለወጥም። «እኔ ምንም አልሆንኩም» ይላል፣ እውነቱን ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ከቆቃ ግድብ በታች የአዋሽ ውሃ ተጣርቶ ወደ ከተማው ገባ። ልጆቼ ያደጉት በእሱ ነው፣ ጥርሳቸው ነጭ ነው። የሚገርመው ሰዉ መጀመሪያ ላይ አጉረምርሞ ነበር። አዋሽ ወንዝ ነው፣ ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል ድልድይ ላይ ቆሞ ያየ ያውቀዋል። «ጥርት ያለ ውሃችንን ቀምተው የጎርፍ ውሃ አመጡብን» ያሉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። አክስቴ አንዷ ናት። ጀሪካን ይዛ የድሮው ጉድጓድ ድረስ ትሄድ ነበር።

እህቴ፣ ማፍላት ለጀርም ነው የሚሠራው፤ ፍሎራይድን አይነካውም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበዛበታል። ወንጂ በተከሰለ የከብት አጥንት የማጣራት ሙከራ ተደርጓል፣ ይሠራልም፤ ግን አጥንቱ በየጊዜው ካልተቀየረ ዋጋ የለውም። ዘላቂው ምንጩን መቀየር ነው። ዝዋይም መቂም ዘመድ ያላችሁ፣ ልጅ ላለበት ቤት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ።

---

አንድ_ከዲሲ

ለነገሩ እዚህ ዋሽንግተንም ውሃ ወቅት አለው። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ክሎራሚን የሚባለውን ይጠቀማሉ። ፀደይ ላይ፣ ከማርች መጨረሻ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት፣ ቱቦዎቹን ለማጽዳት ወደ ተራው ክሎሪን ይቀይሩታል። ያኔ ሻይ ስናፈላ ቤቱ ይሸታል። መጀመሪያ ጊዜ ሲሸተኝ «አዲስ አበባ ተመለስን እንዴ» አልኩ። ልዩነቱ ቀድመው ያስታውቃሉ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ክሎሪን ይሸታችኋል፣ አትደንግጡ ይላሉ። እኛም ሐምሌ ሲገባ እንዲህ ቢነገረን የጀበና ገላን እናት ወደ ጉድጓድ ባልሄዱ ነበር።

---

ጀበና_ገላን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ውሃውን ማታ አፍልቼ አሳድሬ ጠዋት ከላይ ቀድቼ ሻይ አፈላሁ። መጋረጃው የለም! ቀለሙም ቀይ ሆኖ ወጣ። ቡናው ላይም ለውጥ አለ፤ የአስኮ ደንበኞቼ እስኪመጡ እየጠበቅሁ ነው፣ ዳኛ እነሱ ናቸው። አንድ ችግር ግን አለ። ለሁለት ጊዜ ማፍላት ከሰሉ ይበላኛል። ለቡናው ብቻ ባደርገውና ሻዩን በሎሚ ብወጣው ይሻለኛል መሰለኝ።

እናቴን ስለ ጉድጓዱ ጠየቅኋት። አባቴ በሕይወት እያለ ያስቆፈረው ነው። ጥልቅ አይደለም፣ ክረምት ላይ ውሃው በእጅ ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ሌላኛው ጥግ ላይ ነው፣ ግን ግቢው ጠባብ ነው። የጎረቤት መጸዳጃ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ አለ። ቦታውም ተዳፋት ነው፣ እኛ ከታች ነን። ስነግራት «ስንት ዓመት ጠጥቼው ምን ሆንኩ» አለችኝ። አሁን ደግሞ የወንድሜ ሚስት ወልዳ እዚያው ናት፣ ጡቷ ስላልበቃ ሕፃኑ የቆርቆሮ ወተት ጀምሯል። ወተቱን በዚያ ውሃ ነው የሚበጠብጡለት። አፍልተውት ነው ግን። ይበቃል?

---

ጡረታ_ላይ

አይበቃም ልጄ። ዛሬውኑ ደውይላቸው።

ሁለት ነገር አለ። አንዱ ጀርም ነው። ክረምት ላይ የውሃው ከፍታ ወደ ላይ ሲመጣ በመጸዳጃውና በጉድጓዱ መካከል የሚያጣራ ደረቅ አፈር ይጠፋል። ከላይ ያለው የጎረቤት ፍሳሽ ቁልቁል ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ይህን ማፍላት ይገድለዋል።

ሁለተኛው ናይትሬት ነው። ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር ይገባል፤ ቀለም፣ ሽታ፣ ጣዕም የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶችና ምንጮች ላይ በብዛት የሚገኝ ነገር ነው። ጣሪያው በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ትልቅ ሰው ይችለዋል፤ እናትሽ ምንም ያልሆነችው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሕፃን ላይ ግን ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። በተለይ ስድስት ወር ያልሞላውና በዱቄት ወተት የሚያድገው ነው የሚጎዳው። ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበዛል። ሕፃኑ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ጉድጓዱን አትድፈኑት። ለልብስ፣ ለጎመን መደብ፣ ለወለል ያገልግል። አፉን ግን በሲሚንቶ ከፍ አድርጋችሁ ክደኑት፣ ጎርፍ እንዳይገባበት። ናይትሬቱን ማስመርመር ከፈለጋችሁ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድታችሁ በዚያው ቀን ወደ ውሃ ላብራቶሪ አድርሱት።

ለሕፃኑ የቧንቧውን ውሃ ይጠቀሙ፤ ክሎሪን የሸተተውንም ቢሆን። መጀመሪያ የወረደውን ቡኒውን አፍስሰው ከጠራ በኋላ ይቅዱ። ሦስት ደቂቃ ያንተክትኩት፣ ወተቱንም ሙቀቱ ሳይወርድ ይበጥብጡትና ቀዝቅዞ ለብ ሲል ለሕፃኑ ይስጡት። ውሃ በጠፋበት ቀን እንዳይቸገሩ አንድ ጀሪካን ለሕፃኑ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ዘይት ወይም ሌላ ነገር የነበረበት ጀሪካን አይሁን።

ከሰሉን ያልሽው ልክ ነው። ሻዩን በሎሚ ውጪው።